አንድ ብሬድቦርድ ላይ ስድስት ሰው

ይሄ ዲፓርትመንታችን ውስጥ ለአዳዲስ መምህራንና ለላብ አሲስታንቶች ያደረኩት ንግግር ነው፣ ያልነበሩ ሰዎች ላክልን ስላሉኝ ወደ ጽሑፍ ቀየርኩት። ብዙ አልነካካሁትም፣ ስለዚህ አንዳንድ ቦታ አረፍተ ነገሩ አላልቅ ካለ ያው ሳወራም እንደዛው ስለሆንኩ ነው።

እሺ። አንድ ቀን ሰርኪት ላብ ግቡና ከኋላ ቆማችሁ ምንም ሳትናገሩ ዝም ብላችሁ እዩ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፓወር ሳፕላይ፣ አንድ ኦስሎስኮፕ (ቮልቴጅ ሲለዋወጥ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ)፣ አንድ ብሬድቦርድ (ሰርኪት ሳይበየድ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ስድስት ተማሪ። ብሬድቦርዷ ደግሞ አንድ ስንዝር እንኳን አትሞላም። እዛ ላይ ስንት እጅ ይገባል? ሁለት፣ ቢበዛ ሶስት። ሰቃዩ ተማሪ ሽቦውን ይሰካል፣ አጠገቡ ያለችው ልጅ የመልቲሜትሩን (የቮልቴጅ መለኪያውን) ቁጥር ትጽፋለች፣ ሶስተኛው አንገቱን አስግጎ "ቀዩ የት ነው የገባው?" ይላል፣ የቀሩት ሶስቱ ስልክ ላይ ናቸው፣ እውነቱን ለመናገር ስልክ ላይ ባይሆኑም የሚሰሩት ነገር የለም፣ ቦታም የላቸውም። በሳምንቱ አንድ ሪፖርት ይመጣል፣ ሽፋኑ ላይ ስድስት ስም ከነአይዲ ቁጥሩ ተደርድሮ፣ እኛም 9 ከ10 ብለን ለስድስቱም እንሰጣለን። ከዛ ተማሪዎቻችን በቡድን ሰሩ ብለን ለዲፓርትመንት ሪፖርት እናደርጋለን።

እዚህ የደረስነው በአንድ ቀን አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማህበራዊ ሳይንስ ይግባ ሲባል የኢንጂነሪንግ ክፍሎች ሞሉ። ወንበር ይጨመራል፣ ዶርም ውስጥ አልጋ ይደራረባል፣ ኦስሎስኮፕ ግን እንደ አልጋ አይደራረብም። ስለዚህ የተማሪውን ቁጥር ለጠረጴዛው ቁጥር አካፈልን፣ የመጣውን መልስ ግሩፕ አልነው። አንድ ለአምስት ደግሞ መጣ። እድሜያችሁ የደረሰ ታስታውሳላችሁ፣ ገበሬው አንድ ለአምስት፣ ጤናው አንድ ለአምስት፣ ዩኒቨርሲቲውም አንድ ለአምስት፣ ጎበዝ የተባለው ተማሪ ይመራል፣ አምስቱ ይከተላሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ፎርም ይሞላል። ፖለቲካም ስለነበረበት ብዙ ሰው እስካሁን ግሩፕ ሲባል ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ ፖለቲካውን ትቼ እንደ መምህር ብቻ ሳየው ዋናው ችግሩ ማን እንደሚያውቅና ማን እንደማያውቅ ገና ላብ ሳይገባ መወሰኑ ይመስለኛል። መሪ ከተባልክ ትሰራለህ፣ አባል ከተባልክ ትቀመጣለህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ፣ እኛ ላብ ውስጥ ሎሚውን አንዱ ይሸከምና አምስቱ ያጌጡበታል።

አሁን ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ ነው እንዳትሉኝ። ማክስ ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የእርሻ መሃንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ስራው ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቷል። ሁለት ሆነው ሲጎትቱ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚጎትተው 93 በመቶ ያህል ይጎትታል፣ ሶስት ሲሆኑ 85፣ ስምንት ሲሆኑ 49። ግማሽ ማለት ነው! ይሄ ታዲያ አንዳንዱ ባለመናበብ የሚጠፋ ጉልበት ነው፣ ሁሉም እኩል በአንድ ቅጽበት አይስቡም። ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ላታኔ፣ ዊሊያምስና ሃርኪንስ የሚባሉ አሜሪካውያን ሰዎችን እያስጮሁና እያስጨበጨቡ ሲለኩ፣ ሰውየው ብቻውን ሆኖ ሳለ ከሌሎች ጋር እየጮኸ ነው ብሎ ካመነ ብቻ ድምጹን እንደሚቀንስ አሳዩ። የኔ ድርሻ ተለይቶ አይታወቅም ብሎ ያሰበ ሰው ይቀንሳል፣ በቃ፣ እኔም እቀንሳለሁ እናንተም ትቀንሳላችሁ፣ የዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ ስንት ሰው ነው የሚያወራው?

ስለዚህ የኔ አቋም እንዲህ ነው። ተማሪ አብሮ እንዲሰራ ከፈለጋችሁ ምክር አትስጡት፣ ሰርኪቱን ራሱን ያለ ጓደኛው እንዳይሰራ አድርጋችሁ ስጡት። ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ትምህርት ነው፣ አንድ ቦታ የነካኸው ነገር ሌላ ቦታ ይወጣል፣ የኪርቾፍ ህግ (በአንድ ዙር ያሉት ቮልቴጆች ተደምረው ከሳፕላዩ ጋር እኩል ናቸው የሚለው) ራሱ ግሩፕ ወርክ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ በደንብ ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር አለ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ኮንኮርድ ኮንሶርቲየም የሚባል ድርጅት አለ፣ ለትምህርት የሚሆን ሶፍትዌር ይሰራል፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ድጋፍ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ቲምወርክን ከሰርኪቱ ጋር አብሮ እንዲማር ብለው አንድ ፕሮጀክት ሰርተዋል። ሃሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሲሪስ ሰርኪት (እቃዎቹ በአንድ መስመር የተቀጣጠሉበት)፣ ሶስት ተማሪ፣ ሶስት ኮምፒውተር። እያንዳንዱ ተማሪ የሚያዝዘው አንድ ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ እቃ) ብቻ ነው፣ የሚያየውም የራሱን ነው፣ ለእያንዳንዱ ደግሞ እዛ ሬዚስተር ላይ ሊያገኘው የሚገባ ቮልቴጅ ይሰጠዋል፣ መነጋገር የሚችሉት በቻት ነው። ሶፍትዌሩ እያንዳንዷን ንክኪና እያንዳንዷን መልዕክት ይመዘግባል፣ መምህሩ ማን ምን እንዳደረገ ያያል ማለት ነው።

እኛ ሶፍትዌሩ ባይኖረንም በእቃ እንሰራዋለን። 12 ቮልት፣ አንድ ቋሚ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከሱ ጋር በሲሪስ ሶስት ባለ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (ፖት፣ እያዞርክ ሬዚስታንሱን የምትቀይረው)፣ ለየልጁ አንድ አንድ፣ መሃላቸው ካርቶን ይቆማል፣ ለየልጁ አንድ መልቲሜትር። (ወደ 1 ኪሎ ኦም ፖትና 100 ኦም ቋሚ አታውርዱት፣ ሶስቱም ፖቱን ወደ ዜሮ ካዞሩት 120 ሚሊ አምፒር ይሄድና 100 ኦሟ ላይ 1.44 ዋት ይወርድባታል፣ ሩብ ዋቷ ሬዚስተር ትጨሳለች፣ ሽታው ከላቡ ቶሎ አይወጣም።) ለአንደኛው 2 ቮልት አምጣ ትሉታላችሁ፣ ለሁለተኛዋ 3፣ ለሶስተኛው 6። ወረቀቱን ለየብቻ፣ ታጥፎ።

ሶስቱም ፖት ከ3 ኪሎ ኦም ይጀምር። አሁን ሁሉም ላይ 3.6 ቮልት አለ። አንደኛው ልጅ 2 ነው የሚፈልገው፣ ፖቱን እያዞረ 1.4 ኪሎ ላይ ሲደርስ መልቲሜትሩ 2.00 ይላል፣ ጨረስኩ ብሎ እጁን ያጣጥፋል። እሱ ሲያዞር ግን የሁለቱ ወደ 4.29 ወጥቷል፣ ለምን እንደወጣ አያውቁም። ሁለተኛዋ 3 ፍለጋ ወደ 1.8 ኪሎ ታወርደዋለች፣ አገኘች፣ የአንደኛው ወዲያው 2.33 ሆነ። "ማነው የነካው?" ይጀመራል። ሶስተኛው 5.0 እያየ ነው፣ 6 ይፈልጋል፣ 4.2 ኪሎ ድረስ ከፍ ያደርገዋል፣ 6 መጣለት፣ አንደኛው እንደ ተአምር ወደ 2.00 ተመለሰ፣ ሁለተኛዋ ግን ወደ 2.57 ወረደች። እሷ እንደገና ወደ 2.2 ኪሎ ታስተካክላለች፣ አንደኛው 1.91፣ ሶስተኛው 5.73። እንዲህ እያሉ መልሱን እየተጠጉ ይሄዳሉ፣ ግን መቼም አያልቅም፣ ይናደዳሉ፣ አንዱ "እናንተ አትንኩ እኔ ልጨርስ" ይላል፣ እሱ ሲጨርስ የሌላው ይበላሻል።

እዚህ ጋ ዝም በሉ። ይሄ ለመምህር በጣም ከባዱ ስራ ነው፣ እጃችሁ ይበላችኋል፣ ግን ዝም በሉ። የሆነ ሰዓት ላይ አንዱ "ቆይ ግን አንተ ስንት ነው የምትፈልገው?" ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ቀለሜው አይደለም፣ እሱ ወረቀት ላይ ብቻውን ኢኩዌሽን እየሰራ ነው፣ ግን ያልታወቀው ነገር ስለበዛበት አልወጣለትም። 2፣ 3 እና 6 ሲደመር 11 ነው፣ ከ12 አንድ ቮልት ተረፈ፣ እሱ 1 ኪሎ ኦሟ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከረንቱ 1 ሚሊ አምፒር ነው፣ ስለዚህ 2 ኪሎ፣ 3 ኪሎ፣ 6 ኪሎ። አለቀ። ግማሽ ሰዓት ያጨቃጨቃቸው ነገር ከተነጋገሩ በኋላ በአንድ ደቂቃ ነው የሚያልቀው፣ ያቺን ደቂቃ ደግሞ ሶስቱም አብረው ናቸው ያገኟት፣ የቮልቴጅ ህጉን ከዛ በኋላ ቦርድ ላይ ብትጽፉት የሚያነቡት በሌላ አይን ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። የሳፕላዩን ቮልቴጅ ደብቁት፣ ቋሚውን ሬዚስተር በፕላስተር ሸፍኑት። አሁን ግባቸውን ቢነጋገሩም አይበቃም። ሶስቱም ፖታቸውን 3 ኪሎ ያደርጉና ቮልቴጃቸውን ይደምራሉ፣ 10.8፣ ከረንቱ 1.2 ሚሊ አምፒር። ከዛ ሶስቱም 2 ኪሎ ያደርጋሉ፣ ድምሩ 10.29 አካባቢ፣ ከረንቱ 1.71። ሁለት ኢኩዌሽን ሁለት የማይታወቅ፣ 12 ቮልትና 1 ኪሎ ኦም ይወጣል። ይሄን ልኬት ማንም ብቻውን ሊወስደው አይችልም፣ ሶስቱ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ለማድረግ መስማማት አለባቸው። ቴቬኒንን (ሰርኪት ከውጭ ሲታይ እንደ አንድ ሳፕላይና አንድ ሬዚስተር ሊቆጠር ይችላል የሚለውን) ስናስተምር ቦርድ ላይ ሳጥን ስለን "ይሄ ብላክ ቦክስ ነው" ከምንል ይሄ አይሻልም?

ወደ ኦስሎስኮፕ ልሂድ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የግሩፕ ስህተት ምን እንደሚመስል ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ ቻናል አንድን ወስዶ የግራውንዱን ክሊፕ የሰርኪቱ ግራውንድ ላይ ያደርጋል፣ ትክክል ነው። ሌላዋ ቻናል ሁለትን ይዛ ሬዚስተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ልለካ ብላ ፕሮቡን በአንድ ጫፍ ክሊፑን በሌላው ጫፍ ታደርጋለች፣ መልቲሜትር ቢሆን ይሄም ትክክል ነበር። ግን የሁለቱ ቻናል ክሊፖች ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው፣ በሶኬቱ ሶስተኛ እግርም ከመሬት ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ስለዚህ እሷ ክሊፑን ባደረገች ቅጽበት ከዛ በታች ያለው ሰርኪት ሾርት ሆነ። "ቲቸር፣ ትራንዚስተሩ ተበላሽቷል።" አልተበላሸም። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲጠየቁ ያስረዱት ነገር ስህተት የለውም፣ ጥፋቱ ያለው ሁለቱ ክሊፖች መሃል ነው፣ እዛ ደግሞ ማንም አላየም። ይሄንን ጥፋት ሆን ብዬ እንዲያጋጥማቸው አደርጋለሁ፣ አነስተኛ ቮልቴጅና የከረንት ሊሚት ያለው ሳፕላይ ላይ እርግጥ ነው። (በዚህ አጋጣሚ፣ ሾርቱን ለማጥፋት ብሎ የኦስሎስኮፑን የመሬት እግር የሚቆርጥ ወይም በቴፕ የሚሸፍን ቴክኒሻን ካያችሁ አስቁሙት፣ ያ የብረት አካል በሆነ ቀን ሰው ይይዛል።)

ሶስተኛ አመት ላይ ሲደርሱ ስራውን በስቴጅ ከፋፍዬ ነው የምሰጠው። አንዱ ፓወር ሳፕላይ ይሰራል፣ አንዷ የመጀመሪያውን የኮመን ኢሚተር አምፕሊፋየር (በአንድ ትራንዚስተር ሲግናል የሚያጎላ)፣ አንዱ ሁለተኛውን ስቴጅ። ሁሉም የየራሱን ብቻውን ፈትኖ ይመጣል፣ ይሰራልም። አንደኛዋ ጌይኑ (የሚያጎላበት እጥፍ) 100 ነው ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ለክታዋለች። ሲያገናኙት 17 ወይም 18 ይሆናል። ለምን? የሷ መውጫ ሬዚስታንስ 4.7 ኪሎ ነው፣ የሱ መግቢያ ደግሞ 1 ኪሎ አካባቢ፣ ሲገናኙ ቮልቴጅ ዲቫይደር ሆኑ፣ 1 ለ5.7 ተካፈለ። ከመገናኘታቸው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የኔ መግቢያ ስንት ነው፣ መውጫዬ ስንት ነው፣ ከሳፕላዩ ስንት ሚሊ አምፒር እፈልጋለሁ ብለው ተጻጽፈው ቢሆን ወይ መሃሉ ላይ ኢሚተር ፎሎወር (ሳያጎላ ሁለቱን የሚያገናኝ ስቴጅ) ያስገቡ ነበር ወይ ቁጥሩን ይቀይሩ ነበር። አሁን ያቺን ወረቀት ከብየዳው በፊት እጠይቃለሁ፣ ፈርመው። ሳፕላዩን የሰራው ልጅ ደግሞ 1000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር አድርጎ 100 ሚሊ አምፒር ሲጎተትበት 1 ቮልት አካባቢ ሪፕል (የቮልቴጅ መዋዠቅ) በ100 ኸርትዝ ያወጣል፣ ስፒከሩ ላይ ግርርር ይላል፣ አምፕሊፋየር የሰራችው ልጅ ትራንዚስተሯን ሶስት ጊዜ ቀይራ ነው ነገሩ ከሳፕላዩ መሆኑን የምታውቀው። የኢንዱስትሪ ስራ እንደዚህ ነው፣ ኢንተርንሺፕ ወጥተው ሲመለሱ ጠይቋቸው፣ የሚነግሯችሁ ስለ ትራንዚስተር አይደለም፣ "የዛኛው ክፍል ሰዎች አልነገሩንም ነበር" ነው።

ቲዎሪ ክፍል ላይ ብዙ አልቆይም። 80 እና 100 ሰው ባለበት አዳራሽ ግሩፕ ማድረግ ጉልበት ማባከን ነው፣ ግን ሃርቫርድ ያለው የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚሰራበት መንገድ እዚህም ይሰራል፣ አንድ ጥያቄ ከነአራት ምርጫው ቦርድ ላይ፣ ሁሉም ብቻውን ይመልስ፣ ከዛ አጠገቡ ካለው ጋር ይከራከር፣ እንደገና ይመልስ። እኔ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንዲያሳዩኝ ነው የማደርገው፣ ጎረቤት እንዳያይ። ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት 225 ጥናቶችን ሰብስበው በሳይንስና ኢንጂነሪንግ ኮርሶች በተራ ሌክቸር የሚማሩት የመውደቅ መጠን ወደ 34 በመቶ፣ ተማሪው የሚሳተፍበት ክፍል ላይ ወደ 22 በመቶ ሆኖ አግኝተውታል። ትልቅ ልዩነት ነው፣ ለኛ ዲፓርትመንት ስንት ኤፍ ማለት እንደሆነ አስሉት።

ማን ከማን ጋር ይሁን የሚለው ላይ ብዙ ክርክር አለ። ራሳችሁ ምረጡ ካላችኋቸው በዶርም፣ በሀገር ልጅነት፣ በሃይስኩል ጓደኝነት ነው የሚሰባሰቡት፣ ከኋላ የተረፉትም አንድ የተረፉ ግሩፕ ይሰራሉ፣ ያቺ ግሩፕ ሁሌ ታሳዝነኛለች። እኔ ነኝ የምመድበው፣ ሶስት ሶስት አድርጌ፣ ካልሆነ ሁለት ሁለት፣ አራት ከሆነ አንዱ ተመልካች ነው። በምን ቋንቋ ይነጋገሩ አልልም፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በትግርኛም በሶማልኛም ይከራከሩ፣ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ይምጣ፣ ችግሩ ሁለቱ የሚግባቡበት ቋንቋ ሶስተኛው የማያውቀው ሲሆን ነው፣ እዛ ላይ ብቻ እገባለሁ። ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉ። ቆጥራችሁ እዩ፣ ብዙ ጠረጴዛ ላይ ሴቷ ጸሐፊ ናት፣ "ጽሑፍሽ ያምራል" ተብላ። ጽሑፏ ያምር ይሆናል፣ ግን አምስት አመት ሙሉ ፕሮብ ሳትይዝ ተመረቀች ማለት ነው። ስለዚህ ስራው በየሳምንቱ ይዞራል፣ ሰኪ፣ ለኪ፣ መዝጋቢ፣ ዝርዝሩ በር ላይ ተለጥፏል፣ መቀያየር ክልክል ነው። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ፣ ከዛ ይለምዱታል።

ማርክ። ሁላችሁም የምትጠብቁት እሱን ነው አይደል?

ጓደኛችሁን ከ10 ስጡ የሚለውን ፎርም ሞክራችሁት ታውቃላችሁ መሰለኝ። ሁሉም ለሁሉም 10 ይሰጣል። ይሉኝታ አለ፣ ነገ አብሮ ካፌ ይሰለፋል፣ እንዴት ብሎ 4 ይስጠው። 30 ነጥብ ለሶስታችሁ አካፍሉ ብትሏቸውም 10፣ 10፣ 10 ነው የሚመጣው። እኔ ቁጥር መጠየቁን ትቼዋለሁ። ይልቅ አንድ አረፍተ ነገር አጽፋቸዋለሁ፣ "ዛሬ እሱ ባይኖር ኖሮ የቱ ነገር አይሰራም ነበር?" በዚህ ላይ ሰው አይዋሽም፣ ማለቴ ይዋሻል ግን ውሸቱ ወዲያው ይታያል፣ "በጣም ተባባሪ ነው" ብሎ የጻፈ ሰው ስለ ስራው የሚጽፈው አጥቶ ነው።

ዋናውን ማርክ የማገኘው ከጥፋት ፍለጋ ነው። ግሩፑ ሰርኪቱን አብሮ ሰርቶ ያሳየኛል፣ ለሱ የጋራ ማርክ ይሰጣል፣ ትንሽ። ከዛ ሶስቱንም አስወጣና አንድ ነገር አበላሻለሁ፣ ከዛ አንድ አንድ እያልኩ አስገባለሁ። ኮመን ኢሚተሩ ላይ ከላይ ያለውን የቤዝ ሬዚስተር አንዱን እግር ትንሽ ብድግ አደርገዋለሁ፣ ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም። ሲሰራ የነበረ ልጅ ኮሌክተሩን ይለካል፣ 12 ቮልት ላይ ተሰቅሏል፣ "ከረንት የለም፣ ቤዙ ጋ ምንድነው ያለው" ይላል፣ ይለካል፣ ዜሮ፣ ደረሰበት። ለሚቀጥለው የታችኛውን እነቅላለሁ፣ አሁን ኮሌክተሩ ወርዶ ትራንዚስተሩ ሳቹሬት ሆኗል (ሙሉ በሙሉ ተከፍቷል)፣ የኋላው ከፊተኛው ሰምቶ ቢገባም አይጠቅመውም። ስልክ ላይ የነበረው ልጅ ደግሞ ሽቦ መነቃቀል ይጀምራል። አምስት ደቂቃ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ማን ምን እንደሰራ ከዚህ በላይ የሚነግራችሁ ሪፖርት የለም። መውጫ ፈተናውንም አስቡት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ ብቻውን ተቀምጦ የሚፈተነው ነው፣ ስድስት ስም የሚጻፍበት ሽፋን የለውም።

ከዛ ጥያቄ ነበር፣ ሁለቱን ላስገባ።

አንድ አንጋፋ መምህራችን ተነስተው፣ እኔንም ያስተማሩኝ ናቸው፣ "ጥሩ ነው፣ ግን ጊዜውን ከየት ታመጣዋለህ? የኮርሱ አስር ላብ አለ፣ አንተ አንዱን ላብ ሁለት ሳምንት ትጎትተዋለህ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መልሴ፣ ጋሼ፣ አስሩን ላብ አልሰራም የሚል ነው። ስድስት እሰራለሁ። የዳዮድ ካራክተሪስቲክስ ከርቭ ነጥብ በነጥብ እየለኩ ግራፍ ወረቀት ላይ መሳሉን ሲሙሌሽን ላይ በኤልቲስፓይስ ዶርማቸው ሰርተው ይመጣሉ፣ ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ላቡ ውስጥ የሚቀረው ሰው ከሰው ጋር ካልሆነ የማይሰራው ነው። እሳቸው አልተስማሙም፣ "ከርቩን በእጁ ያልሳለ ዳዮድ አያውቅም" አሉ፣ እስካሁን እንከራከራለን።

ሌላ አንድ ወጣት መምህር ስለ ሰቃዩ ተማሪ ጠየቀ፣ "ሲጂፒኤው 3.9 የሆነ ልጅ እነዚህን ጎትቼ ለምን እቸገራለሁ ቢለኝ ምን ልበለው?" አለ። መጀመሪያ ነገር ማርኩ ብዙው የግሉ ስለሆነ ማንም አይጎትተውም። ሁለተኛ ደግሞ ጥፋት ተካዩ እሱ ይሁን፣ ለሌላ ግሩፕ ሰርኪት ላይ የማይታይ ጥፋት እንዲያበጅ ስጡት፣ ከነምክንያቱና ከሚጠበቀው ቮልቴጅ ጋር ጽፎ። ጥፋት መፍጠር ከመፈለግ ይከብዳል፣ አብዛኞቹ ሰቃዮች የመጀመሪያ ሙከራቸው ላይ ትራንዚስተሩን ነው የሚያቃጥሉት፣ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ።

የሚቀጥለው ሳምንት የሶስቱን ፖት ላብ እኛው ራሳችን እንሰራዋለን፣ መምህራን ሶስት ሶስት ሆነን፣ ወረቀቱን እኔ አጥፌ አመጣለሁ። ፖቶቹን ከመርካቶ አስገዝተናል፣ ዋጋው ከሪፖርት ወረቀቱ ብዙ አይበልጥም። መልቲሜትር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ግን ባትሪውን ቀድማችሁ እዩት፣ ባትሪው የደከመ ዲጂታል መልቲሜትር ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ከዛ ሶስታችንም 11 ቮልት መደመር ሲያቅተን አንዳችን ሌላውን ስንጠረጥር እንውላለን።